አሰልጣኙ ይሂድ ወይስ ኮከቡ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ቅርጫት ኳስ፣ ሁሉም ስለ መባረር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ። የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ወሬ በኛ አቆጣጠር ሲጻፍ እኔ ራሴ ይምታታብኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወደድኩም ጠላሁም የዋሽንግተኑ ቡድን የዊዛርድስ ደጋፊ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ቡና የምንጠጣ ጓደኛሞች አለን፤ ሁሌ በዚህ ነገር እንጨቃጨቃለን። እኔ ቡድን ሲሸነፍ መጀመሪያ መሄድ ያለበት አሰልጣኙ ነው እላለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ብሩን የሚወስደው ኮከቡ ነው፤ እሱ ይሂድ» ይላል። የኛ ቡድን በ2023 ኮከቡን ብራድሊ ቢልን ለሌላ ቡድን ሰጠ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ አሰልጣኙን ዌስ አንሰልድ ጁኒየርን ከወንበሩ አነሳ። ሁለቱንም አደረገ ማለት ነው። በዚያ ዓመት 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው 18 ለ64። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? እስቲ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አድልዎዬን አስቀድሜ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ቡድን ለዓመታት አሰልጥኛለሁ። አሰልጣኝ ተባረረ ሲባል ሆዴ ይባባል። እንዲያም ሆኖ ፍርዱ ላንተ ያደላል፤ ምክንያትህን ግን አልቀበለውም።

አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚባረረው ማባረሩ ስለሚቀል ነው። በኤንቢኤ የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ አለው። የአሰልጣኝ ደመወዝ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ባለቤቱ ኪሱ ከፈቀደለት ዛሬ ማታ አባሮ ነገ ጠዋት ምክትሉን ይሾማል። ኮከብ እንዲህ አይሸኝም። ከጣሪያው በላይ ያለ ቡድን ትልቅ ደመወዝ ያለው ተጫዋች ሲሰጥ፣ የሚቀበለውም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ደመወዝ መሆን አለበት። ቢል ደግሞ በ2022 የፈረመው የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል «ካልፈቀድኩ አልሄድም» የሚል አንቀጽ ነበረው። ቡድናችሁ ያንን አንቀጽ ፈርሞ ከሰጠ በኋላ ምን ዓይነት ድርድር ይኖራል? ለቢል ክሪስ ፖል መጣ። እሱም አንድ ጨዋታ ሳይጫወትላችሁ ወደ ጎልደን ስቴት ሄዶ ጆርዳን ፑል ተተካ።

ስለዚህ ጡጫው አሰልጣኙ ላይ ያርፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ቢል የሄደበትን ፊኒክስን እይ። ሞንቲ ዊሊያምስ በ2021 ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን 64 ጨዋታ አሸነፈና የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። በ2023 ተባረረ። በቦታው ፍራንክ ቮገል መጣ፤ በ2020 ከሌከርስ ጋር ዋንጫ የበላ ሰው ነው። አንድ ዓመት ሠርቶ ተባረረ። ቀጥሎ ማይክ ቡደንሆልዘር መጣ። በ2021 ሚልዋኪን ይዞ በፍጻሜው ያሸነፈው ማንን መሰለህ? ፊኒክስን ራሱን! እሱም አንድ ዓመት ሠርቶ፣ 36 አሸንፎ 46 ተሸንፎ፣ በ2025 ተባረረ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ባለ ዋንጫ ናቸው። ሜዳ ላይ ግን ያው ዱራንት፣ ያው ቡከር፣ ያው ቢል። ሦስቱም ኳስ ይዘው መተኮስ የሚወዱ ናቸው። ገንዘቡ እነሱ ላይ ስላለቀ ለሌላው ቦታ ርካሽ ሰው ከመልቀም ሌላ አማራጭ አልነበረም። እዚያ ላይ የትኛውንም አሰልጣኝ ብታመጣ ለውጥ የለውም።

ያው ሞንቲ ዊሊያምስ ዲትሮይት ገባ፤ በ6 ዓመት 78.5 ሚሊዮን ዶላር። በ2023-24 ዲትሮይት 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ዓመቱን በ14 ድልና በ68 ሽንፈት ጨረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውየው ቅርጫት ኳስ ረስቶ ነው?

ይሁን እንጂ ዲትሮይት አባረረው፤ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገና የሚከፈለው እያለ። ልክ ነበሩ እላለሁ። ኬድ ከኒንግሃም ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ኮከብህ ገና የሚያድግ ልጅ ከሆነ አይነካም፤ የሚያስተምረው ሰው ካልሆነለት ሰውየው ይቀየራል። ጄ ቢ ቢከርስታፍ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት 44 ለ38 ጨርሰው ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገቡ። ግን አዲሱን አሰልጣኝ ስታመሰግን አንድ ነገር አትርሳ። በዚያው የዕረፍት ወቅት ቶባያስ ሃሪስ፣ ማሊክ ቢዝሊና ቲም ሃርደዌይ ጁኒየር መጥተዋል። ከሩቅ የሚያስቆጥሩ፣ ብዙ ያዩ ሰዎች ከጎኑ ሲቆሙ ለኬድ መሐሉ ተከፈተለት።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ታች ወለል ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የተጎዳው ይመለሳል። ከባዱ የጉዞ ሳምንት ያልፋል። ሲስት የከረመው ልጅ ማግባት ይጀምራል። አምስት ጨዋታ ሲያሸንፉ «አየህ፣ ችግሩ አሰልጣኙ ነበር» ይባላል። ባያባርሩትም ከአምስቱ ሦስቱን ያሸንፉ ነበር።

ኮከብስ መቼ ይሂድ? በምትኩ ከእሱ የሚበልጥ ሲመጣ ብቻ። ቶሮንቶ በ2018 ዓመቱን በ59 ድል ጨርሶ በክሊቭላንድ 4 ለ0 ተሸኘ። የቡድኑ ፕሬዝዳንት ናይጄሪያዊው ማሳይ ኡጂሪ ሁለቱንም አደረገ። ድዌይን ኬሲን አባረረ፤ ሰውየው ከተባረረ በኋላ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ (እንዲህ ያለ ሽልማት ምን ይባላል?)። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለውን ደማር ዴሮዛንን ደግሞ ለሳን አንቶኒዮ ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን ከዳኒ ግሪን ጋር ወሰደ። ዴሮዛን ከተማዋን የሚወድ ልጅ ነበር፤ ጭካኔ ነው። በ2019 ዋንጫ በሉ። ካዋይ በዚያው ክረምት ጥሏቸው ሄደ። ይሂዳ! ዋንጫው ቀርቷል።

ነገሩ ወደ እልህ ከተለወጠ ግን ከሁለት ያጣ መሆን ይመጣል። ዩታ ከ1988 ጀምሮ በጄሪ ስሎን ሥር ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 ከኮከቡ ከዴሮን ዊሊያምስ ጋር ተጋጩ፤ ስሎን ሥራውን ለቀቀ። ከ13 ቀን በኋላ ዴሮንም ለኒው ጀርሲ ተሰጠ። ኦርላንዶ ይብሳል። በኤፕሪል 2012 አሰልጣኙ ስታን ቫን ገንዲ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ «ድዋይት ሃዋርድ እንድባረር እንደሚፈልግ ከበላዮቼ ሰምቻለሁ» ብሎ ዘረገፈው። ወዲያው ሃዋርድ ምንም ሳይሰማ ከጎን መጣና እየሳቀ ትከሻውን አቀፈው። ቫን ገንዲ ዓይኑን ሰብሮ ፔፕሲውን ይጠጣል። ካሜራው ሁሉንም ይቀርጻል። በሜይ አሰልጣኙ ተባረረ፤ በኦገስት ኮከቡ ሄደ። በ2009 ለፍጻሜ የደረሰው ቡድን ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ያለውን ዓመት 20 ለ62 ጨረሰ።

ዊዛርድስን ግን ከጭቅጭቃችሁ አውጡት። ቡድናችሁ ቢልን ሲሰጥ ሆን ብሎ ቤቱን እያፈረሰ ነበር። ታች የጨረሰ ቡድን በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት) ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። በዚያ 15 ለ67 ላይ አሰልጣኝም ኮከብም አይመዘንም። የዚህን ሳምንት ቡና ጓደኛህ ይክፈል።

ጥያቄ፦ እኔ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው የምኖረው። የ11 ዓመት ልጄ የዳላስ ኮከብ የነበረውን የሉካ ዶንቺችን ማሊያ እስካሁን አላወልቅም ብሏል። ሉካን መስጠታቸው እውነት ስህተት ነበር ወይስ እኛ ቤት ስሜት በዝቷል?

መልስ፦ እህቴ፣ አታስወልቂው። ዳላስ እየወደቀ ያለ ቡድን እንኳን አልነበረም። በጁን 2024 ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ሉካን ለሌከርስ ሰጠና አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029 የድራፍት ዕጣ ተቀበለ። ዋንጫ የሚመጣው በመከላከል ነው አለ። እኔም ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት መከላከልን ነው። ግን 25 ዓመት የሆነውን ሰጥቶ 31 የሆነውን፣ ያውም ጉዳት የማያጣውን መቀበል ምን የሚሉት ሂሳብ ነው? ዴቪስ ለዳላስ በተጫወተበት በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎዳ። ቡድኑ ፕሌይኦፍ አልገባም። አዳራሹ «ኒኮ ይባረር!» እያለ ከረመ፤ በኖቬምበር 2025 ኒኮ ተባረረ።

የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ልጆች የረሱት ይህን ሰው ነው። አሰልጣኙንም ኮከቡንም የመረጠ፣ ሁለቱንም ያስፈረመ አንድ ሰው ላይ ቤት ተቀምጧል። ጥያቄው ከእሱ መጀመር ነበረበት።

ጥያቄ፦ ሻሎም ጋሼ። ከነታንያ ነው። ዴቪድ ብላት በ2014 ማካቢ ቴል አቪቭን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገልን ሰው ነው። ክሊቭላንድ በጃንዋሪ 2016 30 አሸንፎ 11 ብቻ እንደተሸነፈ አባረረው። ኮከቡ ሌብሮን ጄምስ ነው ያስባረረው፣ አይደል?

መልስ፦ ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ግሪፊን ተጫዋቾቹን እንዳላማከረ በግልጽ ተናግሯል። እመነው፤ ማማከርም አያስፈልገውም ነበር። በሜይ 2015 ከቺካጎ ጋር በነበረው አራተኛ ጨዋታ የሆነውን አስታውስ። ብላት የሌለውን ታይም አውት (ጨዋታ ማስቆሚያ ዕረፍት) ሊጠራ ሲወጣ ምክትሉ ታይሮን ሉ ጎትቶ መለሰው። ቀጥሎ ብላት ለመጨረሻዋ ኳስ ሌብሮን ከመስመር ውጭ ሆኖ እንዲያቀብል አዘዘ። ሌብሮን ትእዛዙን ሰረዘው፤ ኳሷን ለራሱ ወስዶ በመጨረሻዋ ሰከንድ አገባት። ከዚያ ደግሞ መሰረዙን ለጋዜጠኞች ነገራቸው። በዚያች ማታ የአሰልጣኙ ሥልጣን አልቆ ነበር፤ ደብዳቤው ብቻ ነው ስምንት ወር የዘገየው። ሉ ተሾመ፣ በዚያው ዓመት ከጎልደን ስቴት ጋር 3 ለ1 ከመመራት ተነስተው ዋንጫውን ወሰዱ።

ይህን አይቶ ግን ሁሉም ይሞክረው ማለት አይደለም። ሚልዋኪ በጃንዋሪ 2024 ኤድሪያን ግሪፊንን (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ሰው ነው) 30 ለ13 ላይ እያለ አባረረ። ቁጥሩ ከብላት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ዶክ ሪቨርስ ከቴሌቪዥን ተንታኝነት ተጠርቶ መጣ። 17 አሸንፎ 19 ተሸነፈ፤ በመጀመሪያው ዙር በኢንዲያና ተሰናበተ። የቡድኑ ኮከብ ያኒስ ተጎድቶ እንዳልተጫወተ ባልክድም፣ ሪቨርስ መጥፎ አሰልጣኝ ነው ብዬም አይደለም። ሉ ከልጆቹ ጋር ዓመት ተኩል ያሳለፈ፣ ማን በምን እንደሚቆጣ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከውጭ ለመጣ ሰው ጃንዋሪ ላይ ልምምድ ማሠሪያ ቀን እንኳን የለውም፤ አንድ ቀን ጨዋታ፣ አንድ ቀን አውሮፕላን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 16 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ በሰፈር የሴቶች ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ። አንዲት ልጅ አለች፤ በጣም ጎበዝ ናት፣ ኳስ ግን አትሰጥም። አሰልጣኛችን ዝም ይላታል። እየተሸነፍን ስለሆነ ልጆቹ አሰልጣኝ እንቀይር እያሉ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ የሁሉንም ደብዳቤ ትቼ መጀመሪያ ያንቺን ነው ያነበብኩት። በነጻ የሚያሠለጥናችሁን ሰው አባራችሁ ማንን ልታመጡ ነው? ይልቅ በሚቀጥለው ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ካሉት ልጆች አንዷ እስክሪብቶና ወረቀት ትያዝ። ኳስ በያዛችሁ ቁጥር ከመተኮሳችሁ በፊት ስንቴ እንደተቀባበላችሁ ትጻፍ፤ ከጎኑ ገባ ወይ ሳተ ብላ ምልክት ታድርግ። ሌላም ዓምድ ጨምሩበት፦ ያቺ ልጅ ኳስ ስትይዝ ስንቶቻችሁ ሮጣችሁ፣ ስንቶቻችሁ ቆማችሁ አያችሁ? እኔ ካሠለጠንኳቸው ቡድኖች «አትሰጥም» የምትባለዋ ልጅ ግማሽ ጊዜ የምትሰጠው ሰው አጥታ ነበር። ጎበዝ ልጅ ስትኖር ሌላው ተመልካች ይሆናል።

ወረቀቱን ይዛችሁ ለአሰልጣኙ ከልምምድ በፊት ንገሩት። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አሥር ሆናችሁ ከሄዳችሁ አድማ ይመስላል። በልምምድ ላይ ኳስ ማንጠር ክልክል የሆነበት፣ አራት ቅብብል ሳይሞላ የማይተኮስበት ጨዋታ እንዲያጫውታችሁ ጠይቁት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ትሳሳቃላችሁ፤ ኋላ መሮጥ የግድ ይሆናል። ለልጅቷም ወረቀቱን አሳዩአት፤ ከጀርባዋ አይሁን። ያ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልሰጠች፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ ከወንበር ትጀምር እንደሆነ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፤ እናንተ ግን እሱ በወሰነው ላይ አታጉረምርሙ።