ሦስት ወር እረፍት አለው፤ ግን ማን ይከፍላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሌሎችም ስለሚያነቡት ባጭሩ ልድገመው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቀሽ እዚሁ ጅማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመትሽን እያስተማርሽ ነው። በቴሌግራም ያገኘሽው ሰው ታይላንድ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ አለ፣ በዓመት ሦስት ወር እረፍት አለው፣ ለ«ፕሮሰስ» ግን ቀድመሽ ብር ላኪ ብሎሻል። ጓደኛሽ ደግሞ ኮሪያ ወይ ዱባይ ይሻላል እያለች ነው። አንቺ የምትፈልጊው እረፍቱ እውነት መሆኑን ማወቅ፣ እና አረፋን አጋሮ ከቤተሰብሽ ጋር ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ ነው።

ከብሩ ልጀምር፣ እሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። አትላኪ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ያንቺ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የመሳሰለው ነው። ሰውየው ኤጀንሲ ነኝ ካለ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራት ትችያለሽ። ኤጀንሲ አይደለሁም፣ በግሌ ነው የማገናኘው ካለሽማ ደላላ ነው፣ አለቀ።

ታይላንድ ስለሆነ ደግሞ አንድ ነገር ሳልልሽ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ከማያንማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ሰዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው የሄዱት። ባንኮክ ሲደርሱ መኪና ይቀበላቸዋል፣ መኪናው ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ሜ ሶት ይነዳል፣ ከዚያ ወንዝ ተሻግረው ማያንማር ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከተማውንና ስልኩን ጠይቂው። ስልኩን ግን እሱ የሰጠሽን ብቻ አትመኚ፤ ራስሽ ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ፈልገሽ ደውይ። ከሄድሽ በኋላ ትምህርት ቤቱን እንመርጥልሻለን የሚል መልስ ከሰጠሽ ብሎክ አድርጊው። በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዛ እንቀይረዋለን ካለሽም ያው ነው። ታይላንድ ውስጥ በቱሪስት ቪዛ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው። ችግር ሲመጣ የምትያዢው አንቺ ነሽ፣ እሱማ ቴሌግራሙን ዘግቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ እረፍቱ። ሰውየው ሌላው ሁሉ ቢዋሽ እንኳን ስለ ሦስት ወሩ ላይዋሽ ይችላል። የታይላንድ ትምህርት ቤቶች በግንቦት ወር ይከፈታሉ፣ በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ይዘጋሉ። በጥቅምት መግቢያ ላይም ጥቂት ሳምንት ይዘጋሉ። ደምሪው፣ ሦስት ወር ገደማ ይመጣል። ግን እዚህ ላይ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ጊዜና አንቺ ደሞዝ እየተከፈለሽ የምታርፊበት ጊዜ ለየብቻ ናቸው። ታይላንድ ውስጥ ለውጭ አገር መምህራን የ10 ወር ውል መስጠት የተለመደ ነው፣ በተለይ መምህሩን የቀጠረው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን መካከል ላይ ያለ ድርጅት ሲሆን። ትምህርት ሲዘጋ ደሞዝሽም ይቆማል። የመቆያ ፈቃድሽም ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውሉ ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል። የቤት ኪራይ እየከፈልሽ፣ ገቢ ሳይኖርሽ፣ ስለ ቪዛ እየተጨነቅሽ ያሳለፍሽው ወር በማስታወቂያው ላይ እረፍት ተብሎ ተቆጥሮልሻል። የአገሪቱ አጠቃላይ የሠራተኛ ሕግ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚያስገድደው የሚከፈልበት የዓመት እረፍት 6 ቀን ነው። ስድስት። ከዚያ በላይ የሚሰጥሽ ውሉ ከሆነ ነው፣ ስለዚህ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ይሄ ነገር ላንቺ አዲስ አይመስለኝም። እዚህም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ደሞዝ የማይከፍሉ የግል ትምህርት ቤቶች እንዳሉ መምህር ሁሉ ያውቃል። የመንግሥት መምህር ክረምቱን እየተከፈለው ያልፋል፣ የግሉ ደግሞ አስጠኚነት ይፈልጋል ወይ ከዘመድ ይበደራል። ልዩነቱ እዚህ የእናትሽ ቤት አለ። እዛ የለም።

ስለዚህ ማንም ሰው ስለ እረፍት ሲያወራሽ ሦስት ጥያቄ አስቀድሚ። ውሉ ስንት ወር ነው? ትምህርት በሚዘጋባቸው ሳምንታት ሙሉ ደሞዝ ይከፈላል ወይ? በእነዚያ ሳምንታት ከከተማው መውጣት እችላለሁ ወይስ ቢሮ መገኘት አለብኝ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን አይደለም።

ጓደኛሽ ያለችው የኮሪያ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኤፒክ የሚባለው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም መምህሩን በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ያሠራል፣ በዓመት 26 የሥራ ቀን የሚከፈልበት እረፍት ይሰጣል። 11ዱ በበጋቸው፣ 15ቱ በክረምታቸው። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ግን ከዚያ በጣም ለበለጠ ጊዜ ነው። በቀሩት ቀናት መምህሩ ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ደሞዙ አይቆምም፣ ግን ወደ አገር ቤት መብረር የለም። ለማንኛውም ኮሪያን እርሺው። የእንግሊዝኛ መምህር ቪዛው በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። እንግሊዝኛሽ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ያንን በር አይከፍትም። ቻይናም በመርህ ደረጃ ተመሳሳይ መንገድ ነው የምትከተለው፣ በተማሪ ቪዛ ሄጄ ማታ ማታ አስተምራለሁ የሚሉም በፖሊስ የተያዙ አሉ። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። «ኔቲቭ ብቻ»፣ ማለትም በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ብቻ፣ የሚለው ማስታወቂያ ማጣሪያው ፓስፖርት ነው፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደምትሠሪ ማንም አላየም። ግን ያሉሽን በሮች ለይቶ ማወቅ ከመናደድ ይሻላል።

ታይላንድ አንዷ ክፍት በር ናት፣ በሕጋዊው መንገድ ከሆነ። ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ ኩሩሳፋ ከሚባለው የመምህራን ምክር ቤት ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድ። አፍሪካውያን መምህራን አሉ፣ ፊሊፒናውያን በብዛት አሉ። ደሞዙ ግን ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ እንግሊዛዊ ከሚከፈለው ያንሳል፣ ይሄንን ማንም አይደብቀውም። ሥራውም ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ተማሪ መቀበል፣ 2 ሰዓት ላይ የባንዲራ ሥነ ሥርዓት፣ ቅዳሜ አንዳንዴ የእንግሊዝኛ ካምፕ። ካምፑ ይከፈልበት እንደሆነም ውሉ ላይ ፈልጊ። አረፋ እዛ ብሔራዊ በዓል አይደለም። በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከግንቦት ወደ ሚያዝያ፣ ከዚያ ወደ መጋቢት ይሸሻል። ያኔ ከረጅሙ መዝጊያቸው ጋር ይገጥምልሻል፣ እስከዚያ ግን ፈቃድ መለመን ነው።

ዱባይና ባጠቃላይ ኤምሬትስ ለአረፋ ይሻላሉ፣ እዛ ዋና በዓል ነው። ለእረፍትም ሕጉ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሠራተኛ ሕጋቸው አንድ ዓመት ለሠራ 30 ቀን የሚከፈልበት እረፍት ይሰጣል። ልብ በይ፣ 30ው የካሌንደር ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። የእኛው አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሲመነዘር የእኛ ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን፣ የእነሱ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል። ልዩነት አለ፣ ግን «30 እና 16» ሲባል ጆሮ ላይ የሚመጣውን ያህል አይደለም። ቀኑን የመወሰን ሥልጣንም በአብዛኛው የአሠሪው ነው። መደበኛ የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል፣ ብዙዎቹም የሁለት ዓመት ውል ሰጥተው ክረምቱን ይከፍላሉ። የቋንቋ ማሠልጠኛ ተቋም ከሆነ ግን ክረምት ገበያው የሚደምቅበት ጊዜ ነው፤ እዛ የምታገኚው ያንኑ 30 ቀን ነው፣ እነሱ በፈለጉት ወር። በጎኑ ደግሞ እወቂው፣ ሐምሌ ላይ መጥተሽ የምታገኚው ጅማ ዝናብ ነው፤ ቡናው ሲለቀም አትደርሺም።

ኤምሬትስ ላይ ሌሎች አራት ነገሮች አሉ፣ ሰው ስለማይጠይቃቸው ነው የማነሳቸው። አንደኛ ደሞዝሽ በውሉ ላይ በሁለት ክፍል ተለይቶ ይጻፋል፤ መሠረታዊ ደሞዝና አበል። ሥራ ስትለቂ የሚሰጥሽ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን። መሠረታዊውን አሳንሰው አበሉን ካሳበጡት ወር ላይ አይታወቅሽም፣ ስትወጪ ነው የሚያምሽ። ሁለተኛ የሙከራ ጊዜ እስከ 6 ወር ሊሆን ይችላል፣ እኛ ጋ 60 የሥራ ቀን ነው። ሦስተኛ፣ ስለ ትዳር ባትጠይቂኝም ልበልሽ፣ የወሊድ ፈቃድ እዛ 60 ቀን ነው፣ 45ቱ በሙሉ ደሞዝ፣ 15ቱ በግማሽ። እዚህ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን አለሽ። አራተኛ፣ ፓስፖርትሽን አሠሪ እንዲይዝ ሕጋቸው ራሱ አይፈቅድም። ለመኖሪያ ፈቃድ ብለው ወስደው ካልመለሱልሽ ሥራው ከመጀመሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው።

የሥራ ሰዓት ስትጠይቂም ክፍለ ጊዜውንና በግቢው የምትቆዪበትን ሰዓት ለየብቻ ጠይቂ። 22 ክፍለ ጊዜ ተብሎ በሳምንት 40 ሰዓት መገኘት አለ። ውሉ ላይ «ሌሎች በትምህርት ቤቱ የሚሰጡ ሥራዎች» የሚል መስመር ካለ ቅዳሜሽ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ይህን ዓመት ወረቀት ላይ አጠፋዋለሁ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽን ከፍለሽ ጨርሰሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽን አውጪ። ኦሪጅናል ዲግሪ በእጁ የሌለ የትም አይቀጠርም፣ ቴምፖውን፣ ጊዜያዊውን ወረቀት፣ ይዘው የሚንከራተቱ ብዙ ናቸው። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ በአገሩ ኤምባሲ ይረጋገጣል። የፖሊስ አሻራ ያስፈልጋል። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አዲስ አበባ ነው፣ ገንዘቡም ስለሚከብድ ተዘጋጅተሽ አንዴ ግቢ። ዲግሪሽ የቋንቋ ብቻ ከሆነና የማስተማር ሥልጠና ከሌለሽ እሱንም ጨምሪ፤ ዱባይ ላይ መምህር የሚያጸድቀው አካል ይጠይቅሻል። እየጠበቅሽ ሳለ የሶማሌላንዷን ሐርጌሳን ችላ አትበይ። በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በመኪና የሚገባባት ከተማ ናት፣ ከኢትዮጵያ መምህር የሚቀጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፣ በዶላር ይከፍላሉ፣ ለአረፋም ማንም አያስቸግርሽም። ሰው እንደ ዱባይ አያወራላትም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ከአሁኑ ትምህርት ቤትሽ ስትወጪ በሩን እየወረወርሽ አትውጪ። ሕጉ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ይጠይቅሻል፣ በጽሑፍ ስጪና ኮፒው ላይ ቀን አስፈርሚ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ያኔውኑ ውሰጂ፤ በኋላ ከባንኮክ ሆነሽ ለዳይሬክተር በዋትስአፕ መለመን አስቸጋሪ ነው። ያልወሰድሽው የዓመት እረፍት ካለም በገንዘብ ተሰልቶ የማግኘት መብት አለሽ። ክረምቱን እያረፍሽ ነበር ይሉሽ ይሆናል። ተከፍሎሽ ከነበረ ክርክር አላቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሳይከፈልሽ ያለፈ ከሆነ ግን የደሞዝ መክፈያውን ኮፒ ይዘሽ ተከራከሪ።