ፈንዲሻን ማን ይውሰዳት?

ጥያቄ

እህትዬ፣ ድሬ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ሰው ቤት ሲቀይር ጥሏቸው የሚሄዳቸውን ድመቶች እየሰበሰብኩ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ አኖራለሁ፣ ከዚያ ሰው ፈልጌ እሰጣለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ሰጥቻለሁ። አንዷ ግን ሁለት ጊዜ ተመለሰችብኝ። ስሟ ፈንዲሻ ነው። ነጭ ስለሆነች ነበር ያልኳት፣ አሁን ግን ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ራሷ መጥታ እግርሽ ላይ ትታሻለች፣ ኩርርር ትላለች፣ አራት አምስት ጊዜ ትደባብሻታለሽ፣ ከዚያ ምንም ሳታደርጊያት ዞራ ንክስ! መጀመሪያ የሄደችበት ቤት ልጆች ነበሩ፣ በሦስተኛው ቀን መለሷት። ቀጥላ የወሰደቻት ጓደኛዬ ናት፣ «ተኝታ ከኋላ ስነካት እጄን ቦጨቀችው» ብላ በካርቶን አመጣቻት።

አሁን ሁለት ጠያቂ አለኝ። አንደኞቹ ፎቶዋን አይተው ያበዱላት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፣ አራት ዓመት የሆነው ልጅ አላቸው። ሌላው ሳቢያን የሚኖር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ብቻውን ነው፣ «ለአይጥ ነው የምፈልጋት፣ ሌላ ጣጣ የለኝም» አለኝ። ልቤ ወደ ባልና ሚስቱ ያደላል፣ በጣም ወደዋታል። ደግሞስ ማስታወቂያ ላይ «ትናከሳለች» ብዬ ብጽፍ ማን ይወስዳታል? እናቴ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያለች ትስቅብኛለች። ምን ላድርግ አቦ?

የፈንዲሻ ሞግዚት

መልስ

ለጡረተኛው ስጪው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፣ መልሱ ግን ይኸው ነው። በነገራችን ላይ «ጡረተኛ ነው፣ አለኝ» ማለትሽ አሳቀኝ። የአዲስ አበባ ደብዳቤ ቢሆን «ናቸው፣ አሉኝ» ብዬ አርመው ነበር፣ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ቦታ የለውም፣ እንዳለ ተውኩት።

መጀመሪያ «ምንም ሳታደርጊያት» ባልሽው ላይ ትንሽ እንጣላ። ጀበና የጣደ ሰው ሊገነፍል ሲል ያውቃል። ድምፁ ይቀየራል፣ አረፋው ወደ አንገቱ ይወጣል፣ ያኔ ብድግ ያደርገዋል። ፊቱን አዙሮ ወሬ የያዘ ሰው ነው «ድንገት ገነፈለ» የሚለው። ፈንዲሻም ከመንከሷ በፊት ትናገራለች። መጀመሪያ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ጅራቷ በሙሉ መሬቱን መምታት ይጀምራል። የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ፈረስ እርግፍግፍ ይላል። ጆሮዋ ወደ ጎን ይዞራል፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነቷ ገተር ይላል፣ ጭንቅላቷን ወደ እጅሽ ትመልሳለች። ይህ ሁሉ አንዳንዴ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፣ ስለዚህ ስልክ እያዩ የሚደባብሷት ድመት አይደለችም። ጅራት መወዝወዝን ከውሻ ተምረን ደስታ ነው ብለን እናስባለን፣ ድመት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በቃኝ» ማለት ነው። ኩርርር ማለቷንም ሙሉ በሙሉ አትመኚው፣ እየተናደደች ኩርርር የምትል ድመት አለች።

ራሷ መጥታ ስትታሽስ? እሱ ሰላምታ ነው። ድመት ጉንጯና አገጯ ላይ ሽታ የሚያመነጩ እጢዎች አሏት፣ እነሱን እያሻሸችብሽ «የኔ ነሽ» እያለች ነው። ጀርባዬን እሺኝ አላለችም። አንዳንዱ ድመት መደባበስ መጀመሪያ ይጥመዋል፣ ሲደጋገም ግን ያንኑ ቦታ መነካት እንደ ማሳከክ ሆኖ ያስቆጣዋል። የፈንዲሻ ልክ አራትና አምስት ከሆነ አንቺ ሦስት ላይ አቁሚ። ጉንጯን፣ አገጯን፣ የጆሮዋን ሥር ብቻ። ሆዷንና የጅራቷን መነሻ ተያቸው። ሦስት ጊዜ ነክተሽ እጅሽን ሰብስቢ፣ ከፈለገች ራሷ ትገፋሻለች፣ ካልፈለገች ትሄዳለች። በዚህ ልክ ሁለት ሳምንት ሞክሪና ምን እንደተለወጠ መዝግቢ፣ ለሚወስዳት ሰው የምትሰጪው ትልቁ ስጦታ ያ ወረቀት ነው።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ያዘኝ። ነጭ ናት፣ ተኝታ ከኋላ ሲነኳት ትቦጭቃለች። ዓይኗ ምን ዓይነት ነው? ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ የሆኑ ነጭ ድመት መስማት የተሳናት የመሆን እድሏ ከግማሽ በላይ ነው፣ አብሯት የሚወለድ ነገር ነው። አንዱ ዓይኗ ብቻ ሰማያዊ ከሆነም ጥርጣሬው አለ። ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ራቅ ብለሽ፣ ነፋስ ሳይደርሳት፣ መሬቱንም ሳታናውጪ ሁለት ማንኪያ አጋጪ። ጆሮዋ ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ቀን ድገሚው። ካልሰማች ግማሹ ታሪኳ ድንጋጤ እንጂ ጸባይ አይደለም። እንዲህ ያለችን ድመት ከፊቷ ሆኖ ነው መቅረብ፣ ተኝታ ከሆነ ደግሞ የተኛችበትን ጨርቅ ቀስ ብሎ መንካት። በነገርሽ ላይ ደንቆሮ ሆነች አልሆነች ለነጭ ድመት የድሬ ፀሐይ ጠላቷ ነው፣ የነጭ ድመት የጆሮ ጫፍ በፀሐይ ተቃጥሎ ካንሰር እስከመሆን ይደርሳል። የማይድን ቁስል ጆሮዋ ላይ ካየሽ ነገ ዛሬ አትበዪ።

ሐኪምም ይያት። ጥርሷን ወይ ጆሮዋን የሚያማት፣ መገጣጠሚያዋ የሚቆረጥማት ድመት ስትነካ መናከሷ ምን ይገርማል? በዚያው ትመክን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ትውሰድ። ድሬ ላይ ድመት የሚያክም ካጣሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ አለው፣ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ሳትደርሺ መንገድሽ ላይ ነው፣ እዚያ ጠይቂ።

ወደ ቤቱ ጉዳይ። ልምድ ያለው ሰው ሲባል ብዙ ድመት ያሳደገ ማለት ብቻ አይደለም፣ አሥር ድመት አሳድጎ አንዷንም ልብ ብሎ ያላያት ሰው አለ። ለፈንዲሻ የሚያስፈልጋት ክፍል ውስጥ ድመት መኖሯ ብቻ የሚበቃው፣ ካልመጣችበት የማያነሳት ሰው ነው። ባልና ሚስቱ ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም። ግን የወደዱት ፎቶ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አይናከስም። የአራት ዓመት ልጅ ፍቅሩ ማቀፍ ነው፣ ሲያቅፍ ፊቱ ከድመቷ ጥፍር ጋር እኩል ነው። ለእነሱ ካሉሽ ውስጥ ረጋ ያለውን፣ ሲያነሱት ሰውነቱን ለቀቅ የሚያደርገውን ስጫቸው። ይደሰታሉ።

ጡረተኛውን ግን ዝም ብለሽ አትስጪው፣ ጠይቂው። ከዚህ በፊት የነበረችህ ድመት ስትቧጭርህ ምን አደረግህ በይው። «በጫማ አልኳት» ካለ በቃ፣ ቡናውን ጠጥተሽ ተመለሺ። «እጄን ታጥቤ ተውኳት» ካለ ሰውሽ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤትህ ማን ይመጣል በይው። ይቺ ጥያቄ ድሬ ላይ ቀላል አይደለችም። በርጫ የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፣ የመጣው ሁሉ እጁን ይዘረጋል፣ የመረቀነ ሰው ደግሞ አንዴ መደባበስ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል? ከመጣም እንግዳ በማይገባበት ክፍል፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይ አልጋ ሥር መሸሸጊያ ይኑራት። ሰው በማይደርስበት ቦታ መውጣት የምትችል ድመት ለመናከስ ምክንያቷ ይቀንሳል።

«ለአይጥ ነው» ማለቱን አትናቂበት። እንዲያውም ከድመት መታቀፍን የማይጠብቅ ሰው ነው ማለት ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስምይው። አንደኛ፣ የተራበች ድመት የተሻለ ታድናለች የሚባለው ወሬ ነው፣ የጠገበችም ታድናለች፣ ስለዚህ በየቀኑ ያብላት፣ ሉካንዳ ቤት ሳንባም ጉበትም አለ፣ እንጀራ በወተት ብቻ ግን ለድመት ምግብ አይሆናትም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ እንዳያስቀምጥ። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትመረዛለች።

ጨዋታም ይስጣት። ሰው እጁን እያወዛወዘ ከድመት ጋር ይጫወትና ሲነከስ ይገርመዋል። ብቻዋን ያደገች ግልገል ከወንድሞቿ ጋር ተናክሳ «ይህ ያማል» የሚለውን ሳትማር ትቀራለች፣ ሰው ደግሞ እጁን አሻንጉሊት ያደርግላታል፣ አበቃ። በትር ጫፍ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ። ማለዳና ፀሐይ ስትበርድ አሥር አሥር ደቂቃ ታባረው፣ ትያዘው፣ መጨረሻ ላይ ቁራጭ ጉበት። አድና በልታ የተኛች ድመት የሰው እግር አትጠብቅም።

ማስታወቂያው ላይ አትዋሺ። የደበቅሽው ነገር በሦስተኛው ቀን በካርቶን ይመለስልሻል፣ ሁለቴ አይተሽዋል። እኔ ብሆን ቴሌግራም ላይ እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ «ፈንዲሻ ነጭ ሴት ድመት ናት። አጠገብህ መቀመጥ ትወዳለች፣ ጭን ላይ አትቀመጥም። ሦስት ጊዜ ትደባበሳለች፣ አራተኛውን ትነክሳለች። ሕፃን የሌለበት፣ ረጋ ያለ ቤት ትፈልጋለች። ካልተስማማችሁ ለእኔ ትመልሳታለህ እንጂ ቀፊራ ገበያ ወስደህ አትጥላትም።» ይህን አንብቦ ስቆ የሚደውል ሰው ካገኘሽ ጥሩ ምልክት ነው። አሥር ሰው ደውሎልሽ ዘጠኙን ከምትመልሺ አንድ ሰው ይደውልልሽ።

ስትወስጂያት ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ የተበሳሳና በደንብ የታሰረ ካርቶን ውስጥ፣ የተኛችበትን ጨርቅ ሳታጥቢ ጨምረሽ። የለመደችውን አሸዋም በፌስታል ያዢላት፣ ደቻቱ ወንዝ ሙሉ አሸዋ ነው ብለሽ አትተዪው፣ የምትፈልገው የራሷን ሽታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ክፍል ብቻ። ሦስት ቀን አልጋ ሥር ብትደበቅ፣ ሦስት ሳምንት ብትጠራጠር፣ ቤቴ ነው ለማለት ሦስት ወር ቢፈጅባት ደንብ ነው። ጡረተኛው ይህን ቀድሞ ይወቅ። በየሳምንቱ ደውይለት፣ ስለ ድመቷ ብቻ ሳይሆን ስለ እጁም ጠይቂው።

እናትሽ ደግሞ ልክ ናት፣ አመሏን አትረሳም። ትንሽ ይለዝብላት ይሆናል እንጂ አታቅፊኝ የምትል ድመት ዕቀፊኝ አትልም። ይህንኑ ለጡረተኛው ንገሪው።

ጥያቄ

ድመቴ ስትናከስ ውሃ እረጫታለሁ። ጓደኞቼ ልክ ነሽ ይሉኛል፣ እሷ ግን ብሶባታል። ለምን?

ከገንደ ቆሬ

መልስ

ልክ አይደለሽም፣ ጓደኞችሽም። ድመት «ስለነከስኩ ተረጨሁ» አትልም፣ «ይቺ ሴትዮ ስትቀርብ ውሃ ይመጣል» ነው የምትለው። ስለዚህ ገና ስትቀርቢ ተዘጋጅታ ትጠብቅሻለች። ስትነክስሽ እጅሽን አትሳቢ፣ እንደ አይጥ ሲሮጥባት ይብስባታል። ድርቅ በይ፣ ስትለቅሽ ዝም ብለሽ ተነስተሽ ሂጂ።

ጥያቄ

ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ከአያቴ ጋር ነው የምኖረው። ጎረቤት ጥሏት የሄደች ድመት አስገብተናል። ትናንት ማታ ስደባብሳት አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፣ ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ደሙም ወዲያው ቆመ። አያቴ ነጭ ሽንኩርት አድርግበት አለችኝ፣ ልጆቹ ደግሞ «ድመት ምንም አታመጣም፣ የውሻ ብቻ ነው» አሉ። ሌላው፣ ድመቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአያቴን ሳህኖች እየዘለለች ልትጨርሳቸው ነው።

መልስ

አንተ ልጅ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነና ጤና ጣቢያ ካልሄድክ መጽሔቱን አስቀምጥና ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ሆነ እንጂ ድመትም ያስተላልፋል፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ደግሞ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱን በጊዜ የወሰደ ሰው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይተርፋል። ሰው ሲነከስ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፣ ሰዓት አይቶ፣ በግምት አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጡ ተዉት።

ቀዳዳዋ ትንሽ መሆኗ አያጽናናህ። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ነው፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ከቶ ላዩ ይዘጋል። ጣትህ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጠዘጠዘህ ለባለሙያው ንገር፣ የቴታነስ ክትባትህንም ጠይቅ። ድመቷን አትግደሏት፣ አታባርሯትም። ለ10 ቀን ከቤት ሳትወጣ ትጠበቅ። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሆና ከቆየች ስትነክስህ በሽታው ምራቋ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፣ ከታመመች፣ ከሞተች ወይ ከጠፋች ለጤና ጣቢያው ወዲያው ንገር። አሥሩ ቀን ይለቅና እሄዳለሁ እንዳትል ግን፣ ክትባቱ ይጀመር አይጀመር የሚወስነው ባለሙያው ነው። ማታ ማታማ ሐረር ላይ ድመት ውጭ ማሳደር ምን የሚሉት ነው፣ ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በሚዞርበት ከተማ!

ለሳህኖቹ፣ ድመት ከፍታ ትወዳለች፣ ከፍታ ስታጣ የአያትህን ግድግዳ ትወጣለች። የሐረሪ ቤት ደግሞ ለድመት የተሠራ ይመስላል። ከነደባው፣ ማለት ከመቀመጫው መደብ፣ ከፍ ካለው ጥግ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፍላትና ቁራጭ ሥጋ እዚያ ብቻ ስጣት፣ የራሷ ቦታ ታደርገዋለች። እስክትለምድ ድረስ አያትህ የምትሳሳላቸውን ሳህኖች አውርዱ፣ የቀሩትን ሚስማራቸውን አጥብቁት።