ቤቴ ሜሪላንድ፣ ሥራዬ ቨርጂኒያ፦ ታክሱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የምሠራው ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ ሆቴል ውስጥ። ከደሞዜ ሁሌም የቨርጂኒያ ታክስ ይቆረጣል። አምና ታክስ የሠራልኝ ሰው «የተቆረጠው ለቨርጂኒያ ስለሆነ እዚያ ብቻ ይበቃል» ብሎ የሜሪላንዱን ተወው። አሁን ከሜሪላንድ ደብዳቤ መጣልኝ፣ አልከፈልሽም ይላል። በየሁለት ሳምንቱ ሲቆረጥብኝ ከርሞ ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው? ባለቤቴም ኡበር ይነዳል፣ ዲሲም ቨርጂኒያም ይገባል። የሱስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። በአንድ ደሞዝ ለሁለት ስቴት አትከፍዪም። ግን ገንዘብሽ የሄደው ለማይገባው ስቴት ነው፣ እሱን ማስተካከል ደግሞ ባንቺ ላይ ወድቋል።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ደሞዝተኛው ለሚኖርበት ስቴት ብቻ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር አላቸው። ዲሲማ ከ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ ጀምሮ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ገቢ እንዳትታክስ ኮንግረስ ከልክሏታል። ሜሪላንድ ከፔንሲልቬኒያና ከዌስት ቨርጂኒያም ጋር ተስማምታለች፣ ከደላዌር ጋር ግን ስምምነት የላትም፤ ስለዚህ ደላዌር የምትሠሩ ይህን መልስ ለራሳችሁ አትውሰዱት። አንቺ የምትኖሪው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ደሞዝሽን የምትታክሰው ሜሪላንድ ናት። አለቀ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቨርጂኒያ የቆረጠችውን ለሜሪላንድ አታስተላልፍም። አንዷ ስቴት ያንቺን ገንዘብ ይዛ ሌላዋ ደብዳቤ ትልክብሻለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሜሪላንዱን፣ ፎርም 502፣ ለአምናውም ለዘንድሮውም ሙዪ። ከቨርጂኒያ ገንዘቡ እስኪመለስ ብለሽ አትጠብቂ፣ ወለዱ እየቆጠረ ነው። ባንዴ መክፈል ካልቻልሽ በየወሩ እንድትከፍዪ ጠይቂ፣ ይቻላል። ከዚያ ቨርጂኒያ የቆረጠችብሽን 763ኤስ በሚባለው የቨርጂኒያ ፎርም ታስመልሻለሽ። አምና የተሞላልሽን ፎርምም አውጥተሽ እዪው፤ 760 ከሆነ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ ብለሽ ነው የፈረምሽው፣ እሱ መታረም አለበት። ለማስመለስ በአብዛኛው ሦስት ዓመት አለሽ፣ ቢሆንም ነገ ዛሬ አትበዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። ከቨርጂኒያ የሚመለስልሽ ለሜሪላንድ የምትከፍዪውን ላይሸፍን ይችላል። ሜሪላንድ ከስቴቱ ታክስ ሌላ የካውንቲ ታክስ አላት፣ እሱም የሚሰላው በምትኖሪበት ካውንቲ ነው። ያንቺ ካውንቲ ሞንትጎመሪ ነው፣ በ2024 የታክስ ዓመት 3.20 ከመቶ ነበር። ከሚታከሰው ገቢሽ 40,000 ዶላር ላይ ለካውንቲው ብቻ 1,280 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ የካውንቲ የገቢ ታክስ የላትም። ለዚህ ነው አሁኑኑ መቆጠብ ጀምሪ የምልሽ።

ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቢ ፔይሮል ክፍል ሂጂ። ቪኤ-4 የሚባለውን ፎርም፣ የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆንኩ አይቆረጥብኝ ብለሽ ሙዪ። የሜሪላንዱን ኤምደብሊው507 ደግሞ ስጫቸውና ለሜሪላንድ እንዲቆርጡ ጠይቂ። አንቆርጥም ካሉሽ በዓመት አራት ጊዜ ራስሽ ለሜሪላንድ በግምት ትከፍያለሽ። የሚቀጥለውን የደሞዝ ወረቀትሽን ሳታዪ ግን ተስተካክሏል ብለሽ አትመኚ፣ ፎርም ተሰጥቶም ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ደብሊው-2፣ አሠሪሽ በዓመቱ መጨረሻ የሚልክልሽ የደሞዝ ማጠቃለያ፣ ሲመጣም ሳጥን 15ንና 17ን እዪ፦ የስቴቱ ስምና የተቆረጠው እዚያ ነው ያለው።

የባለቤትሽ ይለያል። ስምምነቱ ለደሞዝ እንጂ ለራስ ሥራ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሠርቶ ያገኘው፣ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በሚሞላው ፎርም 763፣ ለቨርጂኒያ ሊታከስ ይችላል፣ እዚያ የከፈለውን ደግሞ ሜሪላንድ ላይ በፎርም 502ሲአር ያስቀንሳል። የዲሲውም ለብቻው ይታይ። ስለዚህ የትኛው ጉዞ የት እንደሆነ ከስልኩ ላይ አውርዶ ያስቀምጥ፣ የናንተን ታክስ የሚሠራውንም ሰው ገና ሳትቀመጡ «የሁለት ስቴት ሠርተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሜሪላንድ ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ነው፣ የቨርጂኒያ ሜይ 1።