የጌቶች ቤት አንድ ሌሊት

ከደብረ ማርቆስ

«እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጄ የሚሠራው እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ነው። እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ነሐሴ ላይ ሊወስደን አስቧል። ገጠር ውስጥ ያለ፣ የድሮ መሳፍንት ይኖሩበት የነበረ ሆቴል ሦስት ሌሊት ላሳድራችሁ ይላል። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክልኝ ደነገጥሁ። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ባሰብኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የእርሻ መምህር ነው፤ አባቱም አርበኛ ነበሩ። ‹ገጠር ለማየት ባሕር መሻገር ምን አመጣው?› እያለ ይስቃል። እኔ ግን ልጄን ማስቀየም አልፈልግም። ምን እንልበስ? ምን እንብላ? ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ለመሆኑ ያን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው?»

እትዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ለአንድ ሌሊት ከሆነ አዎ፣ ይወጣበታል። ለሦስት ሌሊት ግን አይወጣበትም። ይህንኑ ለልጅዎ ይንገሩልኝ።

ባሕር ዳር ተመልሼ ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት እንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር በሚባል አውራጃ እንዲህ ባለ ቤት መኝታ ክፍል አዘጋጅ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በጓዳ በኩል አውቀዋለሁ። ዋጋው ለአንድ ክፍል በሌሊት ከ300 ፓውንድ በታች እምብዛም አይገኝም፤ ስማቸው የገነነው ከ700ም ያልፋሉ። የሚያዩት ዋጋ 20 በመቶ ታክሱን ይዞ ነው። ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አለ። እራት ግን ለብቻው ይከፈላል፤ ኪስ የሚራቆተው እዚያ ላይ ነው። ሂሳቡ ላይ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ካያችሁ ሌላ ጉርሻ መስጠት አይጠበቅባችሁም።

የመጀመሪያው ሌሊት ሁሉ ነገሩ ያስደንቃል። እራት ላይ እያላችሁ አንዲት ልጅ ክፍላችሁ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ የአልጋውን ልብስ አንዱን ጫፍ ታጥፋለች፣ የራስጌውን መብራት ታበራለች። ተመልሳችሁ ስታዩ ሌባ ገባ ብላችሁ እንዳትጮሁ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ሰው ይለምደዋል፤ በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ ስለ ትራሱ ሲያጉረመርሙ እሰማ ነበር። ስለዚህ አንዷን ሌሊት ትልቁ ቤት፣ የቀሩትን መንደር ውስጥ ካለ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ እደሩ። የገጠር መጠጥ ቤት ሲባል ያስቡት ዓይነት አይደለም፤ ቤተሰብ ከነልጁ፣ ከነውሻው ምሳ የሚበላበት ነው። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከትልቁ ቤት በእጅጉ ያነሰ ነው።

የአንዷን ሌሊት ገንዘብ በደንብ መጠቀም ደግሞ ዘዴ አለው። ክፍል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ የሚለቀቀው በማግሥቱ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ልጅዎ አስቀድሞ ደውሎ «ጠዋት መጥተን ሻንጣ አስቀምጠን ግቢው ውስጥ መዘዋወር እንችላለን?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። የከፈላችሁት ለአልጋው ብቻ አይደለም፤ ለግቢውም ነው።

ባለቤትዎ የሚደሰቱበት ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ከሳሎኑ መስኮት ሲያዩት ሣሩ ሳይቋረጥ በጎቹ ድረስ ይዘልቃል። አጥር አይታይም። በጎቹ ግን አበባው ጋ ዝር አይሉም። ወርደው ጠጋ ሲሉ ቦይ ያገኛሉ። በቤቱ በኩል ያለው ጎኑ በድንጋይ ቀጥ ብሎ የተገነባ ነው፤ በበጎቹ በኩል ያለው ተዳፋት ነው። በጓ እስከ ታች ትወርዳለች፣ ግንቡን ግን መውጣት አትችልም። «ሃ ሃ» ይሉታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ቤቶች ሁሉ የሚያስቆፍሩት ነገር ነበር። የእርሻ መምህር ይህን አይቶ ሳይለካው አይመለስም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከነሐሴ ይልቅ ጳጉሜን ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ እሱ እዚያ ኦገስት 22 ነው። የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ ደግሞ የእንግሊዞች በዓል ነው። ያን ሰሞን መንገዱ ይጨናነቃል፣ ክፍሉም ይወደዳል። ሴፕቴምበር ሲገባ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይመለሳሉና ጋብ ይላል። ቀኑ እሑድ ማታ ቢሆን ደግሞ ከዓርብና ከቅዳሜ ይረክሳል። ረቡዕና ዓርብም አይነካችሁም። እሑድ ቀን መንደሩ መጠጥ ቤት የበግ ወይም የበሬ ጥብስ ምሳ አለ፤ ባህላቸው ነው። ግን በጊዜ ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱን የሚዘጉ ብዙ ናቸው።

ስለ ምግብ፣ አደራ ስለ ቁርሱ። «ሙሉ የእንግሊዝ ቁርስ» የሚሉት ሳህን ላይ ያለው ቋሊማ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፣ ቤከኑ የአሳማ ነው፣ ጥቁሩ ክብ ነገር ደግሞ ከደም የሚሠራ ነው። እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ዳቦ ብቻ ብላችሁ እዘዙ፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርም። በጾም ቀን ከሆነ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ያዙ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ነው፤ ማርም እንኳ አይገባበትም። ቀድመው ከተነገራቸው ሼፎቹ ይጠበቡበታል።

ልብስዎ የሚያሳስብ አይደለም። የሀበሻ ቀሚስዎን ይልበሱ፤ እራት ቤቱ ውስጥ ከርስዎ በላይ የለበሰ አይኖርም። ባለቤትዎ ኮት ካላቸው ይበቃል፣ ክራባት የሚያስገድዱ ጥቂት ናቸው። ለብርዱ ጋቢ ያዙ፤ ደብረ ማርቆስ ክረምት የከረመ ሰው ግን የእነሱ ሴፕቴምበር አያስደነግጠውም። ቦቲ ጫማ ከዚህ አትሸከሙ፣ ሆቴሎቹ በር ላይ ደርድረው ያውሳሉ።

ቦቲውን ካጠለቁ በኋላ ባለቤትዎን ይዘው ይውጡ። እንግሊዝ ውስጥ የሰው እርሻ መሐል ለመሐል የሚያልፍ፣ ማንም እንዲሄድበት በሕግ የተፈቀደ የእግር መንገድ አለ። ምሰሶ ላይ ቢጫ ቀስት ካዩ መንገዱ የእርስዎም ነው። ባለመሬቱ ሊከለክልዎ አይችልም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቃል፦ የከፈቱትን በር መዝጋት፣ ከመንገዱ አለመውጣት። የስንዴ ማሳ መሐል እየተጓዙ ባለቤቱ ከትራክተር ላይ እጁን ሲያውለበልብልዎ፣ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ዱላ እንደሚቀርብለት ትዝ ይልዎትና ይስቃሉ።

ልጅዎ ያሰበው ኮትስዎልድስ የሚባለውን ኮረብታማ ገጠር ከሆነ ምርጫው ጥሩ ነው። ቤቱ ሁሉ የተሠራው ከዚያው ከሚወጣ ማር መሳይ የኖራ ድንጋይ ነው። አገሩ በመካከለኛው ዘመን የከበረው በበግ ጠጉር ነው፤ መንደሮቹ ውስጥ ከቁመታቸው በላይ ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን የሚያዩት የጠጉር ነጋዴዎች ገንዘብ ስላሠራው ነው። ባይብሪ የሚባል መንደር ውስጥ በ1380 አካባቢ ለጠጉር መጋዘን የተሠራ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች መኖሪያ የሆነ የቤቶች ረድፍ አለ። ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ በመስኮት አጮልቀው እንዳያዩ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ብሪስቶል ድረስ ሄዳችሁ ባዝ የምትባለውን ከተማ ሳታዩ እንዳትመለሱ። በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከመሬት 46 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የሚፈልቅ ፍል ውኃ አለ፤ ሮማውያን ያነጹበት መታጠቢያ እስካሁን ይጎበኛል። እኔ የምልክዎ ግን ከተማው ዳር ወዳለው ፌርፊልድ ቤት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማው አዛውንቶች አገልግሎት እንዲውል ለባዝ ከተማ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1940 ከዚያ ቤት ተነስተው በሱዳን ዞረው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ በላያ ተራራ፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ደምበጫ። መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ እናንተው ከተማ ገቡ። አዲስ አበባ የደረሱት ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 27 ነው። የአርበኛ ልጅ የሆኑት ባለቤትዎ ያንን ሳሎን ሲያዩ ስለ ገጠሩ የሚቀልዱበት አፍ የሚኖራቸው አይመስለኝም። ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለምና ልጅዎ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቪዛ ሳትይዙ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል እንዳይከፍል ደግሞ አጥብቀው ይንገሩት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ አሻራ አዲስ አበባ ትሰጣላችሁ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ 3 ሳምንት ይፈጃል። የእሱን የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫና እዚህ ቤት፣ መሬት፣ ጡረታ እንዳላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ከሁሉም የሚያዩት «ይመለሳሉ ወይ?» የሚለውን ነው።

ከፍኖተ ሰላም

«እትዬ፣ የታሪክ ተማሪ ነኝ። እነዚህ የእንግሊዝ ጌቶች ቤታቸውን ለምን ሆቴል አደረጉት? አብዮት አልነበረባቸውም።»

ወንድሜ፣ አብዮቱ በግብር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1894 የውርስ ግብር ወጣ። ጌታው ሲሞት ወራሹ ከመሬቱና ከቤቱ ግምት ላይ ድርሻ ለመንግሥት ይከፍላል። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ለትልልቆቹ ሀብታሞች 80 በመቶ ደረሰ። በመጀመሪያው ጦርነት ደግሞ አባት ሞቶ ሳይከፈል ወራሹም ግንባር ላይ የወደቀበት ቤት አለ። አገልጋዩም ፋብሪካና ቢሮ ገባ፤ ጭስ ማውጫው የማይቆጠር ቤት የሚያሞቀው ጠፋ። በመቶ የሚቆጠሩት ፈረሱ። ሌሎቹ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል ሆኑ። በ1895 የተመሠረተው ናሽናል ትረስት የተባለው ድርጅትም ብዙ ተረከበ። ከቴምዝ ወንዝ በላይ ያለው ክሊቭደን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አስተር የተባሉት ባለጠጎች በ1942 ለድርጅቱ ሰጡት፣ ዛሬ ውስጡ ሆቴል ነው።

ቤቱን ማየት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ማደር አያስፈልግህም። የከሰዓት ሻይ ያዝ። ከ40 ፓውንድ ጀምሮ ነው። ሳንዱች፣ ኬክና ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦ በሦስት ደርብ ሳህን ይመጣል። ከስኮኑ ጋር ወፍራም ስልባቦትና ማርመላታ አለ። ስልባቦቱ ይቅደም ወይስ ማርመላታው በሚል ዴቨንና ኮርንዎል የሚባሉ ሁለት አውራጃዎች ይነታረካሉ። አንተ እንደፈለግህ ቀባ፤ የሚከስህ የለም።

ከእንጅባራ

«ፈረስ ጋላቢ ነኝ፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓላችን ላይ እጋልባለሁ። አጎቴ ለንደን አለ፤ በጋ ላይ ስሄድ ገጠር ወጥቼ መጋለብ እፈልጋለሁ። ይቻላል? ቀበሮ በፈረስ ሲያድኑስ ማየት ይቻላል?»

ቀበሮውን ተወው። በውሻ ማሳደድ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። መጋለብ ግን እንደ ልብ ነው። ባዝ አጠገብ እንዳለው ላክናም ፓርክ ያሉ አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች የራሳቸው ጋጣና አሰልጣኝ አላቸው። ለአንተ ግን ተራ የገጠር ማሰልጠኛ ይሻልሃል፤ በሰዓት ከፍለህ ትወጣለህ። ለእግረኛ ቢጫ ቀስት እንዳለው ሁሉ ለፈረሰኛ ሰማያዊ ቀስት አለ። ቢጫው ላይ በፈረስ አትግባ።

ጥር 23 የጋለብህ መሆንህን ብትነግራቸውም መጀመሪያ አጥር ውስጥ አዙረው ይፈትኑሃል። የራስ ቁር ያስደርጉሃል፤ ያለሱ አያስወጡህም። ፈረሱን የሚመርጡልህም እነሱ ናቸው። ስትመዘገብ ቁመትህንና ክብደትህን ይጠይቁሃል፤ ለፈረሱ አዝነው ነውና ቅር አይበልህ፣ እውነቱን ንገራቸው። አስፋልት ላይ ከወጣችሁ ግራህን ይዘህ ሂድ፤ አገሩ መኪናውም ፈረሱም በግራ ነው።