የአባቴን ውትድርና በተዝካሩ ላይ ማንሣት ነውር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተዋጋ ወታደር ነበር። አርባው ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ «ሃይማኖትን ሲያሳድድ ለነበረ መንግሥት የተዋጋ፣ ሰውም የገደለ ስለሆነ ውትድርናው ባይነሣ ይሻላል» ይለኛል። እኔ ግን ሜዳዩን ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ልሰቅለው አስቤአለሁ። ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

የወንድምሽ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት ከተናገረ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ መክሯል። ስለዚህ ወታደሩ ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ ንስሓም አያስፈልገውም አይባልም። አባትሽ በሕይወቱ ሳለ ለንስሓ አባቱ የተናዘዘው በእግዚአብሔር ፊት ያለ ስለሆነ እኛ ልንመረምረው አይገባንም።

ስለ መንግሥቱ ግን ወንድምሽ ተሳስቷል። እነዚያ ወጣቶች የዘመቱት የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ መሀል አገር ሲገፋ ነው፤ የሞቱትም ለወገናቸው እንጂ ለደርግ ትምህርት አልነበረም። የመንግሥታት መታሰቢያ ከመንግሥታቱ ጋር ይለዋወጣል። ደርግ የአርበኞችን የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ እርሱ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ፣ ትናንት «ጀግናው ሠራዊት» ተብሎ የተዘፈነለት ወታደር በየደጀ ሰላሙ ለምጽዋት ተቀመጠ። በአጥቢያችን ዘወትር ከበሩ በስተግራ የሚቀመጡ አንድ እግራቸውን ያጡ አባት ነበሩ፤ ሜዳያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙት ነበር። ሳንቲም የሰጣቸው ብዙ ነው፤ የት እንደ ቆሰሉ የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነበር፣ እኔም ከጠያቂዎቹ አልነበርሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት የምትጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም በዚያ ሰዓት ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ነው እንጂ ማዕርጉ አይነሣም። ስለዚህ ለካህኑ የክርስትና ስሙን ስጪ፤ ከጸሎቱ በኋላ ለተሰበሰበው ወገን የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን ካራማራን መዝለል እውነትን መደበቅ ይሆናል፣ «ክብር ለሚገባው ክብርን ስጡ» ተብሏልና።

ሜዳዩን ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ አትስቀዪው። ሦስቱ ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ባመጡለት ጊዜ፣ ዳዊት በነፍሳቸው የደፈሩ ሰዎች ደም ነው ብሎ ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ሰዎቹን ያከበረው ለእግዚአብሔር የሚገባውን ለእግዚአብሔር በመተው ነበር፤ እንዲሁ ሥዕሉ የሚሰገድበትና የሚጸለይበት ስፍራ ስለሆነ ሜዳዩ ከአባትሽ ፎቶግራፍ ጋር በሌላው ግድግዳ ይሁን።

ለተዝካሩ ድንኳን ከማስፋትሽ በፊት፣ ከአባትሽ ጋር ከዘመቱት በሕይወት ያሉትን ፈልጊአቸው፤ መራመድ የተሳነው ካለ መኪና ላኪለት። እነርሱን ከነዳያኑ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀምጪአቸው፤ ወንድምሽም በእጁ ያስተናግዳቸው።