ጀርመን ሰው ቤት ለምታርፊው እህቴ

ጀርመን ቤተሰብ ጋር ልታርፊ ነው፤ ምን ልያዝ፣ እንዴትስ ልሁን ብለሽ ጠይቀሻል። መጀመሪያ፣ ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዢ! የሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል። ለስጦታ ፒያሳ ጎራ በይና ዓይንሽ እያየ የተቆላ ቡና ግዢ፣ ለእናትየዋ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ጨምሪ። በቂ ነው።

ዋናው ግን ይሉኝታሽን እዚሁ ትተሽው መሄድሽ ነው። እኛ ጋ እንግዳ "በቃኝ" ሲል "በሞቴ" ብለው ያጎርሱታል፣ እዚያ ግን "በቃኝ" ካልሽ ሳህኑን ያነሱታል፣ ተርበሽ ታድሪያለሽ። ስለዚህ ከፈለግሽ "አዎ" በይ፣ አይታዘቡሽም። ጾመኛ ከሆንሽ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ጻፊላቸው። "ሥጋ አልበላም" ብቻ ካልሽ እንቁላልና አይብ ነው የሚያቀርቡልሽ፤ ወተቱንም ቅቤውንም ዘርዝሪላቸው።

ማታ በእኛ ከ4 ሰዓት በኋላ ድምፅ አታሰሚ፣ ጎረቤትም ቅር ይለዋል። ቆሻሻ በየዓይነቱ ይለያል፤ ወረቀቱ ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊው ለብቻ። የቱ የት እንደሚጣል በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያቸው። ለአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ከሆነም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ያስፈልግሻል፣ እሱን ቀድመሽ ጨርሺ።