የአባቴ ክፍል አቧራ ልጅነቴን ያረጋግጥልኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። አባቴና እናቴ ተጋብተው አያውቁም። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር፤ ከሚስቱ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አለው። እኔንም እየረዳ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለፈው ክረምት ሞተ። ወንድሞቼ ‹አናውቅሽም› ብለው ፈረንጅ አራዳ ያለውን ክፍሉን ቆለፉት። ከቤት አቧራ የሰው ዲኤንኤ እንደሚገኝ ሰማሁ። ሠራተኛዋ በድብቅ ልታስገባኝ ትችላለች። ገብቼ አቧራውን ልሰብስብ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አትግቢ። ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባት ወንጀል ነው፤ ከሳሽ ሆነሽ ሳለ ተከሳሽ ያደርግሻል። ደግሞ በፌስታል ይዘሽ የመጣሽው አቧራ ከዚያ ክፍል ለመነሳቱ ማን ይመሰክርልሻል?

የሰማሽው ግን እውነት ነው። ከቆዳችን የሚረግፈው ብናኝ አቧራ ውስጥ ይቀራል፤ ዲኤንኤም ይወጣዋል። ችግሩ የሚስቱም፣ የልጆቹም፣ የሠራተኛዋም፣ ቡና ሊጠጣ የገባው ጎረቤትም እዚያው ተደባልቋል። ከመሬት የምታነሺው ሥር የሌለው ፀጉርም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲኤንኤ ነው። ለአባትነት አይጠቅምሽም።

ከአቧራው ይልቅ በሕይወት ያለችው እህትሽ ትሻልሻለች። አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ የሚያወርሰው ያችኑ አንድ ኤክስ ክሮሞዞም (የዲኤንኤ ጥቅል) ነው። እሷ ፈቃደኛ ከሆነች የሁለታችሁ ምርመራ ብዙ ይናገራል።

ከሁሉ በፊት ግን አባትሽ በእጁ የጻፈውን ፈልጊ። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብሽ የፈረመው ፎርም፣ ገንዘብ የላከበት የባንክ ደረሰኝ፣ «ልጄ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ካለ አውጪ። እንደ ልጁ ሲያሳድግሽ ያዩ ጎረቤቶችንም ስም ያዢ። አባትነትን በፍርድ ለማስወሰን እንዲህ ያለው ማስረጃ ትልቅ ቦታ አለው። ከጋብቻ ውጭ መወለድሽ ደግሞ መብትሽን አይቀንስም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በግልጽ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረትም ልጆች እኩል ይወርሳሉ። «አናውቅሽም» መባሉ ምን ያህል እንደሚያም አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን ከእነሱ ጋር አይደለም።

ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይ ካሉሽ፣ የሁላችሁም ፈቃድ ከሌለ እዚያ ሊታይ አይችልም (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34)። ውጤቱ ሊለያይ ስለሚችል የሚሰጡሽን ወረቀት ጠበቃ ሳታሳዪ አትፈርሚ።

ጊዜም አታባክኚ። መብትሽንና ውርሱን መያዛቸውን ካወቅሽበት ቀን አንስቶ 3 ዓመት ካለፈ፣ «ይርጋ አግዶሻል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜሽ አልፏል የሚል መቃወሚያ ይመጣብሻል (የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000)። ክሱን ስታቀርቢ ክፍሉ እንዳይነካ እግድ ጠይቂ። ቀለም ሊቀቡት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ መመርመር ካስፈለገ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ባለሙያ ይገባል።

እናትሽ ቤት የረሳው ኮፍያ ወይም የጥርስ ብሩሽ ካለ በባዶ እጅሽ አትንኪው፣ አትጠቢው። ምስክር ባለበት በንጹሕ የወረቀት ከረጢት አድርጊው እንጂ በፌስታል አይሁን፤ ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ።